የጋሽ ሎዴቦ ሃምሳ ኪሎዋት

ጋሽ ሎዴቦ ሊያገባ ነው ተባለ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሚስቱ ገነቴ ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል፣ እሱም ሰው ነው። ነገሩ የከፋው ሙሽሮቹ ሦስት ናቸው መባሉ ላይ ነው።

ወሬውን ያወጣችው ሃቢባ ናት። ሆሳዕና፣ ጎፈር ሜዳ፣ ከጋሽ ሎዴቦ በር ፊት ለፊት ኪዮስክ አላት። ሃቢባ "እኔ ሐሜት አልወድም" ብላ ካልጀመረች ወሬ አይጥማትም።

"እኔ ሐሜት አልወድም፤ ግን ማክሰኞ አንዷ ትገባለች። ሐሙስ ሌላዋ። ቅዳሜ ሦስተኛዋ። የቅዳሜዋ ስትገባ ፀጉሯ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ስትወጣ እንደ ሚዜ አምሮባት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከቤቱ የዳቦ ሽታ ይወጣል። ሰባ ዓመት ለሞላው ሽማግሌ ትኩስ ዳቦ የሚጋገርለት ለምን ይመስላችኋል?"

ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሳሙናውን ይዞ፣ ወሬውን በምራቂ ተቀብሎ ይሄዳል። የባጃጅ ሹፌሩ ኸይረዲን መናኸሪያ አደረሰው፤ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈረ። በሳምንቱ ከሺንሺቾ የገነቴ የአክስት ልጅ ስልክ ደውላ "አራተኛዋ እርጉዝ ናት የሚባለው እውነት ነው?" ብላ አለቀሰች።

እውነቱ ግን ይህ ነው። ሴቶቹ ሦስት መሆናቸው ልክ ነው። ቀኖቹም፣ ፀጉሩም፣ ዳቦውም ልክ ናቸው። የሚመጡት ግን ለጋሽ ሎዴቦ ብለው አይደለም። ለቆጣሪው ብለው ነው።

ጋሽ ሎዴቦ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የወፍጮ ቤት ሞተር ሲያስነሳና ሲያጠፋ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ በናፍጣ፣ ኋላ በመብራት። ከዚያ ሥራ ሁለት ነገር ይዞ ጡረታ ወጣ። አንደኛው ጩኸት ነው፤ "ደህና አደርክ" ሲል ጭምር ከሞተር ጋር የሚፎካከር ይመስላል። ሁለተኛው ጆሮው ነው። ሰው ሲያወራለት አሥሬ "ምን አልክ?" ይላል፤ ሞተር ሲያጉረመርም ግን የሚፈጨው ገብስ ይሁን ስንዴ ሳያይ ይናገራል።

ገነቴ በሕይወት እያለች ቤቱ ሙሉ ነበር። የመብራት ምድጃው ላይ ድስት ይጣዳል፣ ሬዲዮው ይለፈልፋል፣ እንግዳ ይገባል፣ እንግዳ ይወጣል። ልጆቹ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እሷ ስታርፍ ምድጃው ተነቀለ። ሬዲዮው ከዚያ በኋላ የሚያወራው ለማን እንደሆነ ስላልገባው እሱንም ነቀለው። ሳሎን ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ ቀረች።

በየወሩ ቆጣሪ የሚያነበው አዶናይ የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሞ ወደ ቆጣሪው አፈጠጠ፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና ወደ ቆጣሪው አፈጠጠ።

"ሰባት ኪሎዋት! ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሰው ይኖራል?"

ቀልዱን ነው። ሳቀና ወደሚቀጥለው በር ሄደ። ጋሽ ሎዴቦ ግን ቀኑን ሙሉ ያቺን ጥያቄ ሲያላምጥ ዋለ። ማታም አምፖሏ ስር ተቀምጦ አላመጣት።

ከአጥሩ ማዶ የናስረዲን ግቢ ነው። ናስረዲን ነጋዴ ነው፤ አምስት ክፍል ሠርቶ ለአምስት ቤተሰብ አከራይቷል፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የመብራት ዋጋ መሰላል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ኪሎዋቶች ለትንሽ ተጠቃሚ ታስበው ርካሽ ተደርገዋል። ከዚያ በላይ በወጣህ ቁጥር እየተወደደ ይሄዳል። አምስቱ ቤተሰብ ለየብቻቸው ቢቆጠሩ ከታችኛው ደረጃ ብዙም ባልራቁ ነበር። ቆጣሪው ግን አምስት ቤተሰብ አያውቅም፤ እሱ የሚያየው ቀንና ሌሊት የሚጠብስ፣ የሚተኩስ፣ አምስት ቴሌቪዥን የከፈተ አንድ ሀብታም ነው። ስለዚህ የአንድ ክፍል ተከራዮች እንደ ፎቅ ባለቤት ይከፍላሉ። ሂሳቡ በመጣ ቁጥር ደግሞ ጣት መቀሳሰር ነው፤ የአንቺ ምድጃ፣ የአንቺ ካውያ።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ዛሂራ ግቢው መሐል ቆማ ስትጮህ ጋሽ ሎዴቦ ሰማ። ዛሂራ የአራት ተማሪዎች እናት ናት፤ ባሏ ሀይደር በዱራሜ መስመር ሚኒባስ ይነዳል።

"ካውያዬን ማን ነው የነቀለው? ወላሂ ልጆቼን ተጨማደው አልልክም!"

ጋሽ ሎዴቦ ወደ አጥሩ ተጠጋና፣ ሹክ ያለ መስሎት፣ ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ "ዛሂራ! እኔ ጋ አርባ ሦስት አለ!" አለ።

"አርባ ሦስት ምን ጋሼ?"

"ኪሎዋት! ከርካሹ ሃምሳ ውስጥ ሰባቱን ብቻ ነው የምበላው። አርባ ሦስቱ በየወሩ ይበላሻል። ካውያሽን ይዘሽ ነይ።"

ዛሂራ ሳቀች። ማታ ለሀይደር ነገረችው፤ እሱም ሳቀ። በማግስቱ ግን የመተኮሻውን ጠረጴዛ ራሱ ተሸክሞ አመጣና ሳሎኑ ጥግ አቆመው። "ጋሼ፣ እኔም አንድ ሸሚዝ ጣል ባደርግባችሁ አይከፋም?" አለ።

ዛሂራ በዚያው ግቢ ለምትከራየው ለሐዳሳ ነገረች። ሐዳሳ ባሏ እርሻ ውሎ የሚገባ፣ ሦስት ልጆችዋ ዳቦ የማይጠግቡ፣ ነገር የማትረሳ ሴት ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ የኤሌክትሪክ መጋገሪያዋን ይዛ መጣች። ሐዳሳ ለሌላዋ የግቢው ተከራይ ለቤቴል ነገረች። ቤቴል መምህርት ናት፤ እሑድ ከመዘምራን ጋር ስለምትቆም ቅዳሜ ፀጉሯ መድረቅ አለበት። የወሩን ሂሳብ ሦስቱ ተካፍለው ሊከፍሉ፣ ጋሽ ሎዴቦም ከየጋገራው አንድ ዳቦ ሊያገኝ ተስማሙ። በዚህ ስምምነት የተጎዳች ሃቢባ ብቻ ናት፤ ለአንድ ወር ሙሉ የተሳሳተ ሰርግ ስትጠብቅ ከረመች።

ጋሽ ሎዴቦ ቆጣሪው ፊት በርጩማ አስቀመጠ። አሮጌ ቆጣሪ ነው፤ ቀይ ምልክት ያላት ዲስክ ትሽከረከርበታለች። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የየቀኑን ፍጆታ ይጽፋል። ዲስኳን ሲቆጥር አፉ ሳይታወቀው ወደ ሀዲይኛው ይመለሳል፤ "ማቶ… ላሞ… ሳሶ…" እያለ፣ ድንገት ይጮሃል።

"ሐዳሳ! ዳቦው ስንት ደቂቃ ቀረው? ዲስኳ እንደ ጋሪ ፈረስ እየጋለበች ነው!"

"ጋሼ፣ ዳቦ ነው፣ አይታዘዝም!"

"ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ይቀራል፣ እኛ አርባ ስድስት ላይ ነን! ቤቴል ቅዳሜ ፀጉሯን ፀሐይ ላይ ታድርቅ!"

"በሐምሌ ፀሐይ ከየት አመጣለሁ?" ትላለች ቤቴል፣ ገና መጋቢት ሆኖ።

እሱ ግን ከሁሉ የሚወደው ዲስኳ የምትቆምበትን ሰዓት ነበር። ሐዳሳ ሊጡ እስኪነሳ ትጠብቃለች፤ ዛሂራ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ልብስ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ቆጣሪው ዝም ይልና ወሬው መሽከርከር ይጀምራል። ያ ደግሞ በማንኛውም ታሪፍ አይቆጠርም። ገነቴ የተቀመጠችበት ሶፋ ላይ ሰው ይቀመጣል። ሰው "ጋሼ፣ ጨው የት ነው?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሰው የሚጠይቀው ሰው መሆን ምን ያህል እንደናፈቀው ያወቀው ያኔ ነው።

አንድ ጊዜ ቤቴል እንደ መምህርነቷ ነገር አነሳች። "ጋሼ፣ መብራታችን ከወንዝ ነው፣ ከነፋስ ነው ይሉናል። ወንዙ በነጻ ይወርዳል፣ ነፋሱም በነጻ ይነፍሳል። ታዲያ ታሪፉ በየጊዜው የሚጨምረው ለምንድን ነው?"

"ዝናቡን እግዚአብሔር ያዘንበዋል" አለ ጋሽ ሎዴቦ፣ "ምሰሶውን ግን አይተክለውም።"

"እሺ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ከበዛስ ይረክሳል?" አለች ዛሂራ።

"የዝናብ ብዛት የሚያረክሰው ጎመን ነው።"

ወሬው በሚያዝያ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ጋሽ ሎዴቦ ከአገልግሎት ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ባልንጀሮቹ ሊመክሩት ማክሰኞ ከሰዓት መጡ። አንደኛው ኤሊያስ ይባላል፤ ለስላሳ ንግግር የሚያውቅ፣ ነገርን ከሩቅ የሚጀምር ሰው። ጋሽ ሎዴቦ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ጠመኔ ጣቱ መሐል ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው አገኙት። ከውስጥ የሴት ዘፈን ይሰማል።

"ወንድም ሎዴቦ" አለ ኤሊያስ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ብቸኝነት ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ግን ሁሉም በሥርዓት ሲሆን ነው።"

"በሥርዓት ነው" አለ ጋሽ ሎዴቦ ዓይኑን ከዲስኳ ሳይነቅል። "ቀን ከፋፍለናል።"

ሁለቱ ተያዩ።

"ለመሆኑ… ስንት ናቸው?"

"አርባ አንድ ደርሰናል።"

ሁለተኛው ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነገር በእጁ ዳበሰ።

"ወሩ ሳያልቅ ሃምሳ እንሞላለን" አለ ጋሽ ሎዴቦ በኩራት። "ከሃምሳ አላልፍም ግን። ከዚያ በኋላ ይወደዳል።"

ዛሂራ ካውያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። የሰዎቹን ፊት አየች፤ ነገሩ ገባት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ እየተንተባተበች አስረዳቻቸው። ኤሊያስ በጠመኔ የተጻፈበትን ግድግዳ አየ፣ ቆጣሪውን አየ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ወንድም ሎዴቦ፣ የእኛ ቤት ባለፈው ወር ስንት እንደመጣ ብነግርህ ትደነግጣለህ። ባለቤቴ ረቡዕ ረቡዕ ብቅ ብትል…"

"ሞልቷል!" አለ ጋሽ ሎዴቦ፣ ልክ ወፍጮ ቤት ሰልፍ እንደሚያስይዝበት ዘመን። "ስም አስመዝግቡ፤ ቦታ ሲኖር እንጠራችኋለን።"

በዚያ ወር አዶናይ ሊያነብ መጣ። አርባ ዘጠኝ ኪሎዋት። "ጋሼ! ቤተሰብ ጨመሩ እንዴ?"

"ጨመርኩ" አለው። አዶናይ ከሄደ በኋላ ለረጅም ጊዜ በረንዳው ላይ ቆሞ ለራሱ ፈገግ ሲል ሃቢባ አይታዋለች።

በሰኔ መጀመሪያ ሴቶቹ ትክክለኛውን ነገር አሰቡ። ለየክፍላቸው የየራሳቸው ቆጣሪ ይግባ። ናስረዲንም ጭቅጭቁ ስለሰለቸው ደስ ብሎት ፈረመ። ማመልከቻውን ማን ይጻፍ? ሞተርና ቆጣሪ የሚያውቅ፣ እጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ቢሮ ሲገባ ሰው የሚነሳለት ጋሽ ሎዴቦ ይጻፍ። ማን ይውሰድ? እሱው ይውሰድ። ማመልከቻውን አሳምሮ ጻፈና በኮቱ የውስጥ ኪስ ከትቶ ወደ መብራት ቢሮ ሄደ።

በሩ ድረስ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ሦስት ቆጣሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ቆጠረው። ማክሰኞ የለም። ሐሙስ የለም። ቅዳሜ የለም። አዶናይ ደብተሩን ይዞ ይመጣል፣ ሰባት ኪሎዋት ያነባል፣ ያቺን ጥያቄ ይጠይቃል።

ዞሮ ሙዝ ገዝቶ ወደ ቤቱ ገባ።

"ምን አሉ ጋሼ?" ሦስቱም ተሰብስበው ጠበቁት።

"ሲስተም የለም አሉ።"

በዚህ ዓለም ላይ ማንም የማይጠራጠረው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሙዙን በሉ። በሁለተኛው ሳምንትም ሲስተም አልነበረም። በሦስተኛውም። ለሃምሳ ዓመት ውሸት ያልለመደ ሰው ነበር፤ ይህቺ ግን ምላሱ ላይ ቅቤ ሆነችለት።

ከዚያ የናስረዲን ግቢ ሂሳብ መጣ። ታሪፉም ከፍ ብሎ ነበር። ሐዳሳ ሐሙስ ዕለት ሊጡን ስትደበድበው ሊጥ ሳይሆን ሰው የምትደበድብ ይመስል ነበር።

"ለትልቁ ልጄ ጫማ ልገዛለት ነበር፤ ለመብራት ሄደ። ያን ሲስተም የሚባል ነገር፣ ጋሼ፣ እግሩ ይሰበር! ቤቱ ይፍረስ! ልጅ አይውጣለት!"

ጋሽ ሎዴቦ ዲስኳን መቁጠር ጀመረ። ከሳሶ በኋላ የሚመጣው አራት ጠፋው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዛሂራ ዩኒፎርሙን ተኩሳ ጨረሰች። "ጋሼ፣ ስንት ቀረን?"

"ሦስት ኪሎዋት።"

"እንግዲያው ኮትዎን ያውልቁ። ሰው ፊት የሚቀርብ ኮት ይኼ ነው? አኩርፎ የተኛ ሰው ፊት ይመስላል።"

ዓይኑ ዲስኳ ላይ ነበርና ሳያስብ አውልቆ ሰጣት። ኪሱን ያስታወሰው የካውያው ድምፅ ሲቋረጥ ነው። ያ ጆሮው፣ ሰው ሲጠራው የማይሰማው ጆሮ፣ ሳሎን ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ካውያው እንደገና መሄድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ለኮት በማይመች ስሱ እርምጃ።

ዛሂራ ወጣች። ኮቱ በአንድ እጇ ነው። በሌላው እጇ ማመልከቻውን ይዛለች፤ የታጠፈበት ምልክት እንኳ አይታይም፣ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል።

"ወረቀቱ ተጨማዶ ነበር፣ ተኮስኩት" አለች። ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። "ነገ ሲስተም ሊኖር ይችላል፣ ጋሼ።"

ካውያዋን ነቅላ፣ ልብሷን ጠቅልላ ሄደች። ለሐዳሳ አልነገረችም፣ ለቤቴል አልነገረችም፣ ለሃቢባማ ጭራሽ። ጎፈር ሜዳ ውስጥ ያልተወራ ነገር ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ጋሽ ሎዴቦ በማግስቱ ቢሮው ሳይከፈት በር ላይ ነበር። ሲስተም ነበር። ወረቀቱን የተቀበለችው ልጅ "ጋሼ፣ እንዲህ ንጹሕ ማመልከቻ አይተን አናውቅም" ብላ በሩብ ሰዓት ጨረሰችለት። ደረጃው ላይ ሲወርድ፣ ቢያንስ ትንሽ ቢያጉላሉኝ ምን ነበረበት ብሎ ተቀየማቸው።

ቆጣሪዎቹ የገቡት በመስከረም፣ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ሳምንት ሲቀር ነው። ሠራተኞቹ የናስረዲንን ግድግዳ ሲበሱ ሰፈሩ ወጥቶ ያያል። ሃቢባ ኪዮስኳን ዘግታ መጣች። በዚያው ቀን ሦስቱም ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ከጋሽ ሎዴቦ ቤት ተገናኙ። ሐዳሳ የመጨረሻውን ዳቦ ጋገረች፤ ሀይደርም የመተኮሻውን ጠረጴዛ ሊወስድ መጣ።

ጋሽ ሎዴቦ ከመኝታ ቤቱ አንድ ካርቶን ይዞ ወጣና ሐዳሳ ፊት አስቀመጠው። የልጅ ጫማ ነው።

"ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?"

"ያ ስትረግሚው የነበረው ሲስተም" አለ ጋሽ ሎዴቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ሹክ ብሎ፣ "እኔ ነበርኩ።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ እንደነበር ተናገረ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ቤቴል ዛሂራን አየች፤ ዛሂራ ጣሪያውን አየች። ሐዳሳ አፏን በእጇ ይዛ ቆየች።

"ውይ ጋሼ! እግሩ ይሰበር ብዬ ነበር እኮ!"

"ሐምሌን ሙሉ ሪህ አሞኛል" አለ ጋሽ ሎዴቦ። "ልጅ አይውጣለት ያልሽው ግን ዘግይተሻል፣ ሦስት አሉኝ።"

በሳቅ ፈረሱ። ሐዳሳ ሳቋን ሳትጨርስ ጫማውን ገልብጣ ቁጥሩን አየች፤ ልክ ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ። ከዚያ መሰብሰብ ተጀመረ። ቤቴል የፀጉር ማድረቂያዋን ሽቦ ትጠቀልላለች። ሐዳሳ መጋገሪያው እንዲበርድ ክዳኑን ታርገበግባለች። ሀይደር ጠረጴዛውን አጥፎ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ዛሂራ በሩን ልትይዝለት ሄደች።

ጋሽ ሎዴቦ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዲስኳ ቆማለች። ግድግዳው ላይ የጻፈውን ጠመኔ በእጅጌው ሊያጠፋ ጀመረና ተወው።

"የእኔ ሃምሳ ግን" አለ፣ ወደ ቆጣሪው እያየ፣ "አሁንም ሃምሳ ነው።"

ቤቴል ሽቦውን መጠቅለል አቆመች። ዛሂራ በሩን እንደያዘች ቆመች። ሀይደር ጠረጴዛውን ከትከሻው አወረደ።